ምዕራፍ 7፦ በሁለት ቤት መጀመር

ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ጉባኤው የታወቀ ደብር ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ጉባኤ ቅኔ ቆጠራ የገባን ተማሪ በመጀመሪያው ሰሞን መወድስ ተቀኝ የሚለው የለም። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይደረስበታል። ተማሪው ግሱን ያጠናል፣ አገባቡን ይቆጥራል፣ ከዚያ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለሁለት ቤት ቅኔ ቋጥሮ ከየኔታ ፊት ይቀርባል። ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ግን የሚታለፍለት ነገር የለም። የግሱ ሕግ፣ የቤቱ ልክ፣ ሰሙና ወርቁ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ይፈተናሉ። እንዲያውም ጠባብ ስለሆነች ስህተት የሚደበቅበት ጥግ የላትም። የኔታ አንድ ጊዜ ሰምተው የት ጋ እንደተሰናከለ ይነግሩታል።

ይህ ምዕራፍ የሚያነሳው ጥያቄ ከቅኔ ቤት የራቀ ይመስላል። ምንጩ ክፍት የሆነ፣ ማለትም ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል ኮምፓይለር አለ እንበል። አንድ ሰው ከውጭ መጥቶ በሥራው ለመሳተፍ ቢፈልግ በየት በኩል ይገባል? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «መጀመሪያ ሁሉንም እወቅ» የሚል ነው። የእኔ መልስ ሌላ ነው፤ በሁለት መስመር ይገባል። አንዷ ኮምፓይለሩ በትክክል የሚቀበላት፣ ሌላዋ የሚሰናከልባት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ይችን ተቀብሎ ያችን ለምን እምቢ አለ?» ብሎ መጠየቅ የቻለ ሰው የኮምፓይለር ሠራተኞች ከማናቸውም ነገር አብልጠው የሚፈልጉትን ይዞ መጥቷል።

ድንጋዩ የት ገባ?

በምዕራፍ 3 የኮምፓይለርን ሥራ በጤፍ መንገድ ተከትለነው ነበር። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚያስኬደው ትእዛዝ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው፤ ትርጉሙም በአንድ ትንፋሽ አይሠራም። ጤፍ አውድማ ላይ ተወቅቶ ለነፋስ ተሰጥቶ ከገለባው እንደሚለይ፣ የመጀመሪያው ደረጃ የፊደሎችን ጎርፍ ወደ ቃላት ይለያል። ቀጣዩ ቃላቱን በሰዋስው ያደራጃል፤ ከዚያ ትርጉሙ ይመረመራል፤ እንደ ወፍጮው ደግሞ ሥራውን የሚያልመው፣ ትርፉን የሚያስወግደው ደረጃ አለ፤ መጨረሻ ላይ ምጣዱ ማለትም የማሽኑ ትእዛዝ ይመጣል። በምዕራፍ 6 ደግሞ የዚህ ሁሉ ዕቃ ጽሑፍ በክፍት ፈቃድ እንዴት ለሁሉም እንደተዘረጋ አይተናል።

አሁን እንጀራው ቀርቦ አንዱ ጉርሻ ላይ ጥርስ ቀጭ አለ እንበል። ድንጋይ አለበት። ከየት ገባ? ከአውድማው ሊሆን ይችላል፣ ከወፍጮው ድንጋይ ተፈርፍሮ ሊሆን ይችላል፣ ከቡሆ ዕቃውም ሊሆን ይችላል። ባለሙያዋ የቤት እመቤት ከማሳው ጀምራ አትፈትሽም። መሐል ላይ ትቆማለች፤ ከዱቄቱ እፍኝ ወስዳ በውሃ በጥብጣ ታዘቅጠዋለች። ከሥር የሚንቋቋ ነገር ከቀረ ነገሩ የዱቄቱ ወይም ከዱቄቱ በፊት ያለው ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ከሊጡ ወዲህ ያለውን ትፈትሻለች። በአንድ ሙከራ ከመንገዱ እኩሌታውን ከጥርጣሬ ነፃ አወጣችው።

የኮምፓይለር ሰዎች ማሳነስ የሚሉት ይኸንኑ ነው። 400 መስመር ያለው ፕሮግራም ኮምፓይለሩን አሰናከለው እንበል። እኩሌታውን ሰርዞ መሞከር፤ አሁንም ከተሰናከለ ድንጋዩ በቀረው 200 ውስጥ ነው፣ ካልተሰናከለ በተሰረዘው ውስጥ ነው። ከዚያ 100፣ 50፣ 25 እያለ ይወርዳል። ነገሩ እንደ ሒሳቡ ቢሄድ ዘጠኝ ጊዜ ያህል መክፈል 400ውን ወደ አንድ መስመር ያደርሰዋል። በተግባር እንዲህ ልከኛ ሆኖ አይሄድም፤ የላይኛው መስመር የታችኛውን ይጠራልና ሲቆርጡት ሌላ ዓይነት ስህተት ይወልዳል፣ ሰውየውም መልሶ መቀጠል አለበት። ቢሆንም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ የኮምፓይለሩን ሆድ ዕቃ ማወቅ አያስፈልግም። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምይዘው ለዚህ ነው፦ ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራ ከሁሉ ያነሰ ዕውቀት የሚጠይቀው ሆኖ ተገኝቷል።

የዚህን ዋጋ የሚያሳይ የታወቀ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሬገርና ባልደረቦቹ በዘፈቀደ የሲ ቋንቋ ፕሮግራሞችን የሚያመነጭ «ሲስሚዝ» የተባለ መሣሪያ ሠርተው ኮምፓይለሮችን ይፈትኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ ከ325 በላይ ቀደም ሲል ያልታወቁ ስህተቶችን ለኮምፓይለር ሠሪዎች እንዳሳወቁ ጻፉ። ከተፈተኑት መካከል ዓለም የሚጠቀምባቸው ጂሲሲና ኤልኤልቪኤም ነበሩበት። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ቀጥሎ የሆነው ነው። መሣሪያው የሚያመነጫቸው ፕሮግራሞች ረጃጅምና ትርጉም የለሽ ነበሩ፤ እንዲያ ያለ ክምር ለኮምፓይለር ሠሪ ማቀበል ኩንታል ጤፍ አሸክሞ «እዚህ ውስጥ አንድ ጠጠር አለ» እንደማለት ነው። በዓመቱ እነዚሁ ሰዎች ሥራው ማሳነስ ብቻ የሆነ ሌላ መሣሪያ ይዘው ወጡ፤ ስሙ «ሲ-ሪዲዩስ» ነው። ስህተቱን ማግኘት የሥራው እኩሌታ ብቻ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር የለም።

ዋጋ፱ እና ዋጋ፲

ነገሩን ቀረብ ብለን በእጃችን እንያዘው። በሞጣ ገበያ የጤፍ ዋጋ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ፕሮግራም በፓይተን ተጻፈ እንበል፤ ጸሐፊው ስሞቹን በአማርኛ ሰየማቸው። (ፓይተንን የማያውቅ አንባቢ አይጨነቅ፤ በዓለም ላይ በብዛት ከሚማሩት የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ በውስጡም የራሱ ኮምፓይለር አለው።) ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከፓይተን 3 መውጣት ወዲህ፣ የግዕዝ ፊደል በስም ውስጥ ይፈቀዳል። ጸሐፊው ለመጀመሪያው ሳምንት ዋጋ፩ አለ፣ ለሁለተኛው ዋጋ፪፣ እንዲያ እያለ ዋጋ፱ ደረሰ። ሁሉም ይሠራል። በአሥረኛው ሳምንት ዋጋ፲ ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ በሙሉ እምቢ አለ፤ ፓይተን ፲ን ጠቅሶ ያልተፈቀደ ምልክት ነው ይላል።

ልማዳዊው ምላሽ ምንድን ነው? አንዱ «ኮምፒውተር አማርኛ አይችልም» ብሎ ይተወዋል። ይህ ስንፍና ነው፤ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ሲችል ነበራ። ሌላው ፕሮግራሙን በሙሉ እንዳለ ልኮ «አይሠራም» ይላል። ሦስተኛው፣ የእኛው ሰው፣ እያሳነሰ ሄዶ እዚህ ይደርሳል፦

ዋጋ፱ = 5
ዋጋ፲ = 5

የመጀመሪያዋ ታልፋለች፣ ሁለተኛዋ ትወድቃለች። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዲት ምልክት ናት። ገበያው፣ ጤፉ፣ ሳምንቱ ሁሉ እንደ ገለባ ተበትኖ ፍሬው ቀረ፤ ይህች ናት የኮምፓይለር ጉባኤ ቃና። ወድቃ ብቻ የምትታይ መስመር ብዙ ነገር ልትጠረጠርበት ይችላል፦ የፊደል ገበታው፣ የፋይሉ አቀማመጥ፣ የሥሪቱ እርጅና። አጠገቧ የምታልፍ እኅት ስትቆምላት ግን እነዚያ ጥርጣሬዎች ሁሉ ይወገዳሉ። የየትኛውም አገር ሰው፣ አማርኛ ባያነብ እንኳ፣ ሁለቱን መስመር ገልብጦ አስኪዶ ያንኑ ነገር ያያል።

ስህተት፣ ሕግ፣ ምርጫ

አሁን ጥድፊያ ቢኖር «የፓይተንን ስህተት አገኘሁ» ብሎ መጮህ ነው። ነገር ግን ዋጋ፲ የወደቀችው በስህተት አይደለም፤ በሕግ ነው። ምን ዓይነት ምልክት በስም ውስጥ እንደሚገባ ፓይተን ራሱ አልደነገገም፤ ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ወሰደው። የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ምልክት ጠባይ ይሰጠዋል፤ ይህ ፊደል ነው፣ ይህ አሐዝ ነው፣ ይህ ሥርዓተ ነጥብ ነው ይላል። ለተራ አሐዝነት የሚፈለገው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ሆኖ እንደ 0 እና 1 በቦታ እየተደረደረ ቁጥር መሥራት ነው። የግዕዝ ቁጥር ግን ዜሮ የለውም፣ ለአሥርም ለሃያም ለመቶም ለየብቻ ምልክት አለው፤ ስለዚህ ከተራ አሐዞች ተለይቶ «ሌላ ቁጥር» በሚባለው ክፍል ተቀመጠ። በዚህ ክፍል ያለ ምልክት በስም ውስጥ አይፈቀድም። ታዲያ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት እንዴት አለፉ? በልዩ ፈቃድ ነው። የቀድሞ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ሲባል በተያዘ አንድ አጭር ዝርዝር ውስጥ እነዚህ ዘጠኙ በስም ተጠቅሰዋል፤ ፲ እና ከዚያ በላይ ያሉት የሉበትም።

ለአዲስ ገቢ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ድንጋዩን ካገኙ በኋላ ባለቤቱን መፈለግ ነው። ዋጋ፲ን «ለማስተካከል» ፓይተንን የሚነካ ሰው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው፤ ሕጉ ቢለወጥ እንኳ የሚለወጠው በመዝገቡ በኩል ነው። ለፓይተን ሊያቀርብ የሚችለው ምናልባት በመመሪያው ላይ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን ሥራ ነው።

ከስህተትና ከሕግ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ምርጫ እንበለው። የጎ ቋንቋ አንድን ስም ከራሱ ጥቅል ውጭ ያሉ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲጠቀሙበት የሚፈቅደው ስሙ በትልቅ ፊደል ሲጀምር ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ቀላልና ሸጋ ዘዴ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም! ስለዚህ በአማርኛ የተሰየመ ተግባር በጎ ውስጥ በፍጹም ከቤቱ አይወጣም፤ ማውጣት የፈለገ ሰው ከፊቱ አንድ የላቲን ትልቅ ፊደል መለጠፍ አለበት። ይህ በኮዱ ውስጥ የተፈጠረ ጉድለት ሳይሆን ቋንቋው ሲነደፍ የተደረገ ምርጫ ነው፤ የቻይንኛና የጃፓንኛ ጸሐፊዎችም በዚሁ ይቸገራሉ፣ ጉዳዩም በቋንቋው ሠሪዎች ዘንድ ለዓመታት ሲነሳ ሲወድቅ ኖሯል። ምርጫን በክርክርና በትዕግሥት እንጂ በአንድ ፓች አይቀይሩትም። (ፓች ማለት በኮዱ ላይ እንዲደረግ የሚቀርብ ለውጥ ነው፤ ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ መጣፊያ እንደማለት ነው።) አዲስ ገቢ ከዚህ ቢጀምር ጉልበቱን በሙሉ በሙግት ይጨርሳል፤ ስለዚህ እዚህ አይጀምር። የመግቢያው በር የመጀመሪያው ዓይነት፣ ሁሉም ሰው ስህተት መሆኑን የሚስማማበት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ቅኔ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም እንዲሸከም ይደክማል፤ ኮምፓይለር ደግሞ ሁለት ትርጉም የሚሸከም ቃል ሲያይ ይታመማል። ለእሱ ሥራ በንጉሡ ሠ እና ስራ በእሳቱ ሰ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንባቢው አንድ መሆናቸውን ቢምልለትም አይሰማም። ስለዚህ የቅኔ ቤቱ ምሳሌ የሚያገለግለን ለትምህርቱ ሥርዓት እንጂ ለወርቁ አይደለም።

«ይህማ ጥቃቅን ነገር ነው»

በዚህ መንገድ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ሥራው ያንሳል የሚል ነው። ኮምፓይለር የሚያክል ነገር ላይ ገብቶ የስህተት መልእክት ማቃናት፣ ሁለት መስመር ማቅረብ ምን ይባላል? መልሱ ትንሽ የመሰለ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚዘልቅ በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ቢታይ ይሻላል።

ጂሲሲ በሪቻርድ ስቶልማን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ አንጋፋ ኮምፓይለር ነው። ስህተት ሲያገኝ በስንተኛው መስመር፣ በስንተኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ይናገራል። አሁን በአንድ መስመር ላይ «ሰላም» የሚል ቃል በጥቅስ ተቀምጦ፣ ከእሱ ወዲያ 10ኛው ቦታ ላይ አንድ ስህተት አለ እንበል። የቆየው ጂሲሲ 16 ይላል። ምክንያቱም የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነበር፤ ባይት ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያከማችበት ትንሿ ስፍር ናት። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፣ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አቀማመጥ ሦስት። ሰ፣ ላ እና ም ሦስት ቦታ መያዝ ሲገባቸው ዘጠኝ ይይዛሉ፤ ትርፉ ስድስት ነው፤ 10 ሲደመር 6፣ 16። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን በሕይወት ዘመኑ አያየውም፤ አማርኛ የሚጽፍ በመጀመሪያው ቀን ያየዋል።

ታዲያ ማስተካከያው ባይቱን ለሦስት ማካፈል ነው? አንዱ «ቀላል ነው» ብሎ እንዲህ ቢያደርግ ወዲያው ይጋጫል። በአንድ መስመር ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ተደባልቆ ይገኛል። የቻይንኛ ምልክት በማያ ገጹ ላይ የሁለት ፊደል ስፋት ይይዛል። ታብ የተባለው ክፍተት እንደ ቦታው ስፋቱ ይለያያል። ከዚህ ሁሉ ደግሞ የከፋው፣ የጂሲሲን ቁጥር አንብበው የሚሠሩ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፤ ባይት ሲጠብቁ ፊደል ከተሰጣቸው እነሱ በተራቸው ይስታሉ። ጂሲሲ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 11ኛው ሥሪቱ ቁጥሩን ዓይን በሚያየው ስፋት ልክ አደረገው፤ በባይት መቁጠር ለሚፈልግም የሚመርጥበት ቅንብር አብሮ ሰጠ። ይህን ጉዳይ ከሥር የተከተለ ሰው ኮምፓይለሩ ፋይል እንዴት እንደሚያነብ፣ ቃላትን የሚለየው ደረጃ ምን እንደሚያስታውስ፣ ስህተት እንዴት እስከ ማያ ገጹ እንደሚጓዝ ሳይወድ በግዱ ተምሯል። በመንገዱ ላይ የሚገኘው ትምህርት ይህን ያህል ከሆነ ጥቃቅን የሚለው ስም ያንሰዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዩኒቨርሲቲ በኩል ይመጣል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን ኮምፓይለር ዲዛይን የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ፤ «ያንን ሳይጨርሱ፣ ሽፋኑ ላይ ዘንዶ ያለበትን ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ሳያነቡ እንዴት ይገባል?» ይባላል። ኮርሱን አልንቅም፤ የወሰደው ሰው ያየውን ነገር በስሙ መጥራት ይችላል። ግን ኮርሱ የሚያስተምረው ከባዶ መሬት መሥራትን ነው፤ አዲስ ገቢ ደግሞ ከባዶ መሬት አይጀምርም። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ያለውን ሰባራ ድልድይ ያስቡ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ ለአሠርት ዓመታት ሰዉ በገመድ እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥገናው ሲደረግ የድሮ ግንበኞች እያንዳንዷን ድንጋይ ለምን እንዳስቀመጧት ማወቅ አላስፈለገም። መታወቅ የነበረበት የክፍተቱ ስፋትና ግራና ቀኝ ያሉት ጫፎች ምን ያህል ሸክም እንደሚችሉ ነው። በኮምፓይለር ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ጥናቱ ሁለቷ መስመሮች ከሚለያዩበት ነጥብ ይጀምርና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሰፋል።

ድልድዩ ሌላም ነገር ያስታውሰናል፤ ያ ጥገና ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደውና እንደገና ሌላ መሥራት አስፈለገ። የኮምፓይለር ጎርፍ የሚመጣው ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሲቀይር ነው፤ ሳያውቀው የትናንቱን ጥገና ያፈርሰዋል። ለዚህ ነው በኤልኤልቪኤም ደንብ ስህተት የሚያቃና ለውጥ ሁሉ ከፈተና ጋር ይቅረብ የሚባለው። ፈተናው ምንድን ነው? ያችው ያሳነሷት መስመር ናት። ከኮዱ ጋር ተቀምጣ ለውጥ በመጣ ቁጥር ትሮጣለች፤ ጥገናውን የሚያፈርስ ሲመጣ እሷ ትጮኻለች።

ነገራ

የቅኔ ተማሪ የቋጠረውን ይዞ ከየኔታ ፊት የሚያቀርብበት ሰዓት ነገራ ይባላል። ቃል በቃል ይናገራል፤ የኔታ ያርማሉ፤ የሚወድቀው ይወድቃል፣ የሚቃናው ይቃናል። በኮምፓይለር ሥራ ይህን ሰዓት ሪቪው ይሉታል። አንድ ለውጥ ከመግባቱ በፊት ነባር ሠራተኛ መስመር በመስመር ያየዋል፤ «ይህን ስም ቀይር»፣ «ይህ ሁኔታ ቢመጣስ?»፣ «ፈተናው የት አለ?» ይላል። ለለመደ ሰው የዕለት ሥራ ነው። ለአዲስ ገቢ ግን አሥር አስተያየት ተደርድሮ ሲያይ የተባረረ ይመስለዋል። የተገላቢጦሽ ነው፤ የኔታም የማይጨበጠውን ተማሪ ያሰናብቱታል እንጂ ቃል በቃል አያርሙትም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኔታ ጉባኤው ላይ ተቀምጠው መጠበቃቸው ነው። የኮምፓይለሩ ነባር ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ የዕለት ሥራ ያለበት፣ ምናልባትም ምሽቱን ሰውቶ የሚያይ ሰው ነው። ከዚህ ተነስቶ ሥነ ምግባሩ ይገባል፦ ለውጡ አጭር ይሁን፣ አንድ ነገር ብቻ ይንካ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጉዳዩን ሌላ ሰው እንዳልያዘው ይጠየቅ፤ መልስ ሳይመጣ አንድ ሳምንት ካለፈ በትሕትና ማስታወስ ነውር አይደለም፣ የኤልኤልቪኤም መመሪያም ይህንኑ ይመክራል። ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ለጀማሪ ይሆናሉ ያሏቸውን ጉዳዮች ለይተው ምልክት ያደርጉባቸዋል፤ ከዚያ መምረጥ ይቻላል።

እዚህ ላይ «ይህን ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራው የለም?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ፓች በመጻፍ ይረዳል፣ አልክድም። ዋጋ፲ን ያስተዋለው ግን ዋጋ፲ ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ያቀረበውን ራሱ ያልገባው ሰው ደግሞ ነገራ ላይ «ለምን?» ሲባል የሚመልሰው የለውም፤ ያ የነባሩ ምሽት ያለዋጋ ባከነ።

ከቢቸና ይቻላል ወይ?

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ በመፈክርም አይመለስም። የኤልኤልቪኤም መመሪያ ራሱ እንደሚለው ሲን ከሚተረጉመው ክላንግ ጋር ሙሉውን ለመገንባት ከ15 እስከ 20 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት ይፈጃል፤ መብራት መሐል ላይ ከሄደ ደግሞ ሰውየው ይቆጣል። ኢንተርኔቱስ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ይህን ሁሉ ይዞ «ከየትም ሆኖ መሳተፍ ይቻላል» ማለት ያላዩትን አገር መምከር ነው።

ይሁንና የትኛው ሥራ መረብ እንደሚፈልግና የትኛው እንደማይፈልግ ሲለይ መልኩ ይቀየራል። እነዚህ ፕሮጀክቶች ኮዳቸውን የሚይዙበት ጊት የተባለው መሣሪያ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው፣ ኮዱን አንድ ጊዜ ያወረደ ሰው ሙሉ ታሪኩን ጭምር በእጁ እንዲያገኝ ተደርጎ የተሠራ ነው። እያንዳንዷ መስመር መቼ፣ በማን፣ ለምን እንደተቀየረች መረብ ሳይኖር ይነበባል። ማሳነሱ፣ ንባቡ፣ ለውጡ፣ ፈተናው ሁሉ በዝግ ቤት ይሠራል። መረብ የሚፈለገው መጀመሪያ ለማውረድና መጨረሻ ለመላክ ነው፤ የሚላከውም ጥቂት መስመር ጽሑፍ ስለሆነ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ክብደት አለው። ላፕቶፕ የሌለው ደግሞ ቢያንስ ማሳነሱን በስልክ መሞከር ይችላል፤ ኮምፓይለር ኤክስፕሎረር የሚባለው አገልግሎት ትንሽ ፕሮግራም ተቀብሎ በብዙ ኮምፓይለሮች አስኪዶ ውጤቱን ያሳያል።

ግዙፉን መምረጥም ግዴታ አይደለም። ፓይተን ተራ ላፕቶፕ ላይ በደቂቃዎች ይገነባል። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ኤልኤልቪኤም የመወድስ ሰዓት ሲደርስ ይደረስበታል። እንግሊዝኛውም ቢሆን እንደሚፈራው አይደለም፤ ሁለቷ መስመሮች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው፣ ከሥራቸው «ይህች ታልፋለች፣ ይህች ትወድቃለች፣ ሁለቱም ማለፍ ነበረባቸው» የሚል ሦስት አጭር ሐረግ ካለ፣ የሰዋስው ጉድለቱን የሚያይ የለም።

የሞጣው የዋጋ መዝገብስ? ጸሐፊው ሕጉን ካወቀ በኋላ ከዋጋ፩ እስከ ዋጋ፱ ያሉትን እንዳሉ ትቶ ቀጣዩን ሳምንት ዋጋ10 ብሎ ሰየመው። ፓይተን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለው።